የነገረ ፈጁ ጉርሻ

ስለዚያ ሰው ስጽፍ «እሳቸው» ማለት ይገባኝ ነበር። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ በማዕረግም ቢሆን ዳኛው ሳይቀር ከወንበሩ ብድግ የሚልለት ሰው ነበር። ብዕሬ ግን እንቢ አለኝ። ደጋግሜ «እሳቸው» ብዬ ጀምሬ ሰረዝሁት። ስለዚህ «እሱ» እለዋለሁ። አንባቢ ይታገሰኝ፤ ምክንያቱን ሲደርስበት ያየዋል።

ሰውዬው ነገረ ፈጅ ነበር፤ ዛሬ ጠበቃ የምንለው መሆኑ ነው። በንጉሡ ዘመን፣ ከአርብ ገበያ ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን በባሕር ዛፍ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነበረው። ጋይንት ውስጥ በርስት የተካሰሰ፣ ስማዳ ውስጥ ድንበር የተገፋበት፣ እስቴ ውስጥ ከወንድሙ የተጣላ ሁሉ ወደዚያ ግቢ ይመጣል። ሥራውን ብቻውን አይሠራም። ጸሐፊዎች አሉት፤ ፍርድ ቤቱ ወዳለበት ወደ ወገዳ እየሄዱ ቀጠሮ የሚያከብሩለት አሉት፤ ምስክር የሚያፈላልጉለት አሉት። ሁሉም ከእሱ አፍ ይሰማሉ፣ ከእሱ እጅ ይጎርሳሉ። ይጎርሳሉ ስል ለምሳሌ አይደለም። እመጣበታለሁ።

እኔ እዚያ ቤት የገባሁት በእናቴ መሬት ምክንያት ነው። አባቴ ሲሞት እናቴ ወደ ተወለደችበት አገር፣ ወደ ስማዳ ተመለሰችና ከአባቷ ርስት ድርሻዋን ጠየቀች። መሬቱን የሚያርሰው በአባት የምትገናኘው ወንድሟ ነበር። «ባልሽ ሲሞት ነው እንዴ አባትሽ ትዝ ያለሽ?» አላት። በእኛ አገር ርስት ለሴትም ለወንድም ነው፤ ይህን እሱም ያውቃል። ቢያውቅም ማረሱን አልተወም። እናቴ በሰው ግቢ፣ በሰው ጎተራ ጥግ፣ ጎጆ ቀልሳ ተቀመጠች። ጭስ ሲወጣ እንኳ «ይቅርታ» የምትል ይመስል ነበር። ያ መሬት ካልተመለሰላት እስክትሞት ጥገኛ ናት።

ለነገረ ፈጁ የምትሰጠው አልነበራትም። እኔ ግን ያን ጊዜ ከባሌ ተፋትቼ እጄን አጣጥፌ የተቀመጥሁ ነበርሁ። ከላይ እስከ ታች አየኝና ለእናቴ እንዲህ አላት፤ «ልጅሽ እጇ ይጣፍጣል አሉ። ወጡን ትሥራልኝ፣ ጠላውን ትጥመቅልኝ። እኔ መሬትሽን አስመልስልሻለሁ።» እናቴ ጉልበቱን ስማ ውክልና ሰጠችው። እኔም ማጀት ገባሁ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሙግቱ ሲያልቅ እኔ እወጣለሁ፤ ወጤን ደግሞ ወዶታል። ስለዚህ ሙግቱ አያልቅም። ቀጠሮ በመጣ ቁጥር ወይ ምስክር ታመመ ይባላል፣ ወይ ዳኛው ተቀየሩ ይባላል፣ ወይ ወንዙ ሞላ ይባላል። አንድ ጊዜ በበጋ «ወንዙ ሞልቶ ነው» አለኝ፤ አፌን ከፍቼ አየሁት፤ እሱም አየኝ። ውኃ ልቀዳ የወረድሁት እኮ ወደዚያው ወንዝ ነበር፤ እግሬ እንኳ በወጉ አልራሰም።

ስለ ሰውነቱ ልናገር። ሲያስል ከሆዱ ጀምሮ ነው። የወጣውንም ውጭ አይተፋውም፤ ከመደቡ ራስጌ ያለው ግድግዳ ላይ ነው የሚተፋው። ያን ግድግዳ በጭቃና በእበት እየመረግሁ የማድሰው እኔ ነበርሁ። የትንሿን ጣቱን ጥፍር አሳድጎ ጆሮውን ይጎረጉርባታል፤ ጥርሱን ይጎረጉርባታል፤ በዚያችው ጥፍር ደግሞ የተጻፈውን ማመልከቻ እየነካ «ይህን አቅና፣ ያን ፋቅ» ይላል። ከበላ በኋላ እጁን የሚታጠበው እንግዳ ካለ ብቻ ነው። እንግዳ ከሌለ አጠገቡ በቆመው ጸሐፊ ጋቢ ይጠርገዋል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ብልህ ነበርና ለምሳ ሰዓት የሚለብሳት አሮጌ ጋቢ ለብቻዋ አዘጋጀ። «የጌታዬ ፎጣ» ይላታል፤ ትከሻው ላይ ጣል እያደረገ።

በዐቢይ ጾም ደግሞ ይታመማል። «ሐኪም ፈቅዶልኛል» ይልና ጓዳ ውስጥ ቅቤ ያስነጥረኛል። ሐኪሙን ያየ የለም። በሽታው ሁዳዴ ሲገባ ይይዘዋል፣ ፋሲካ ሲነጋ ይለቀዋል። ከሠራተኛው አንዱ ወተት ቀመሰ ብሎ ከጠረጠረ ግን የነፍስ አባቱን አስጠርቶ በሰው ፊት ያስገስጸዋል፤ ጢሙ ላይ ቅቤው ሳይደርቅ።

ከሁሉ የሚከፋኝ በየኔታ ላይ የሚያደርገው ነበር። የኔታ ከጸሐፊዎቹ ሁሉ በዕድሜ የላቁ፣ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ጽሕፈታቸው እንደ ተለቀመ ጤፍ ያማረ ሰው ናቸው። በአገሩ ሰካራም እንኳ «አንቱ» ይላቸዋል። ጌታዬ ግን ባለጉዳይ በተሰበሰበበት «አንተ ሽማግሌ፣ ቀለሙን አምጣ» ይላቸዋል። እሳቸውም ቀለሙን ያመጣሉ።

እንግዲህ ወደ ጉርሻው ልምጣ።

ጉርሻ በእኛ ዘንድ ፍቅር ነው፤ ክብርም ነው። ትልቅ ሰው ከመሶቡ ጠቅልሎ እጁን ሲዘረጋልህ እንቢ አይባልም፤ እንቢ ያለ አሳዳጊ የበደለው ነው። ይህን ጌታዬ ያውቃል። ስለዚህ ደስ ባለው ለት አያጎርስም። የሚያጎርሰው የተቆጣ ለት ነው። አንድ ለት ወገዳ ልኮት የነበረ ጸሐፊ ጉዳዩ ሳይቀናው ተመለሰ። ቤቱ በባለጉዳይ ተሞልቷል። ጌታዬ ምንም አልተቆጣም፤ «ና ልጄ፣ መንገዱ አድክሞሃል» አለና ጡጫ የሚያህል ጠቀለለ። ውስጡ ቃሪያው ከነፍሬው አለ፣ የአጥንት ስባሪ አለ። ከመጠቅለሉ ትንሽ ቀደም ብሎ በዚያችው እጁ አፍንጫውን ሲናፈጥ ማዕዱን ሳቀርብ አይቻለሁ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አፉን ከፈተ። ዓይኑ እንባ ሞላ። «አንድ ያጣላል» አለ ጌታዬ፣ ተረቱን እንደ ትሕትና እየጠራ፤ ሁለተኛውን ጨመረለት። ከዚያ ሦስተኛውን። ልጁ እንደ ምንም ውጦ «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አለ፤ አለማለት አይቻልም። ባለጉዳዮቹ ተያዩ። «አቤት ደግነት፣ ሎሌውን በእጁ ያጎርሳል» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

እኔም ተርታው ደርሶኛል። ወጡ ጨው የበዛ ለት፣ ወይም እናቴ ቀጠሮ ልትጠይቅ የመጣች ለት። እናቴን አይቆጣም፤ እኔን ያጎርሰኛል፤ እናቴም ልጄ ተከበረች ብላ ትመርቀዋለች። አመዱ ክምር ዘንድ እስክደርስ በጉንጬ እይዘውና እተፋዋለሁ። አፌን በእንዶድ ባጥበው ደስ ባለኝ።

ሰው እንዲህ ያለውን ጌታ እንዴት ይችላል? እንደየብልሃቱ ነው። ወጣቶቹ ማጀት እየመጡ ሳሉን ያስመስሉልኝ ነበር፤ አንዱ በተለይ ከሆዱ አንስቶ ሲያመጣው ሊጥ ይዤ እስክንበረከክ ያስቀኛል። የኔታ ግን አይስቁም፤ አይጎርሱምም። ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ናቸው። የታወቁት አጽዋማት ሲያልቁ የፈቃድ ጾም ይገባሉ፤ የፈቃዱ ሲያልቅ ስእለት አለብኝ ይላሉ። ጌታዬ ጾመኛ አስፈሰከ እንዳይባል ሰው ያፍራልና ይተዋቸዋል። እኔ በእውነት ጻድቅ ይመስሉኝ ነበር። አንድ ለት ንፍሮ ሳቀርብላቸው «የኔታ፣ አሁን ደግሞ የምን ጾም ነው?» አልኋቸው።

ወደ በሩ አየት አደረጉና፣ «ለጽድቅ እንኳ አይቆጠርልኝም፣ ልጄ» አሉ። «ከዚያ ሰው እጅ ለማምለጥ ነው የምጾመው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ይበልጥ ወደድኋቸው። ፊደልም ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዱቄት ስነፋ በወንፊቱ ሥር በጣታቸው ዱቄቱ ላይ እየጻፉ።

ነገሩ የፈረጠው ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ነው። አርብ ገበያ ውሎ የሚመለሰው ሰው በደጃችን ያልፋል። ከመካከሉ አንድ ሰው የሰባ በግ እየጎተተ ወደ ግቢው ገባ። አጎቴ ነበር። የእናቴን ገብስ አስወቅቶ፣ የእናቴን ነገረ ፈጅ ሊጠይቅ መጣ። ጌታዬ ደጅ ድረስ ወጥቶ ተቀበለው፤ ተሳሳሙ፤ ያን ዕለት አርብ ነውና በጉ ሳይታረድ አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት ሥጋውን አምጥተው ማጀት አስቀመጡልኝ። «ለእንግዶች ነው፤ እጅሽን አሳዪ» ተባልሁ። ቀይ ሽንኩርቱን እየከተፍሁ አሰብሁ። ከሳሽና ተከሳሽ እርስ በርስ ሰላምታ ቢሰጣጡ ነውር የለበትም። ነገረ ፈጅስ ከተከሳሹ በግ ሲበላ ምን ይባላል? የኔታ ብቅ ብለው የአጥቢያ ዳኛውና የአገር ሽማግሌዎች ለምሳ እንደተጠሩ ነገሩኝ። «ሽማግሌ ለምን ያስፈልጋል?» ብላቸው መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ አንዱ አዛወሩ።

ማዕዱ ቀረበ፤ እኔም የወጡን ድስት ይዤ ከበሩ ዘንድ ቆምሁ። አጎቴ ከጌታዬ ጎን በክብር ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ናቸው። ጌታዬ እስኪጠግቡ ጠብቆ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሰው አለና ግድግዳውን ማረው።

«ነይ ልጄ፣ ነይ ቅረቢ» አለኝ። «አጎትሽ ናፍቆሻል። ደም ነው፣ ምን ይደረግ።»

አጎቴም ቀድሞ ተዘጋጅቶበት ኖሮ ከመሶቡ ጠቀለለና እጁን ዘረጋልኝ። «የእህቴ ልጅ» አለ። «አድገሽ የለም እንዴ! እንኪ ከአጎትሽ እጅ።»

ያኔ ገባኝ። በእኛ አገር የተካሰሱ ሰዎች ከአንድ ማዕድ አይቆርሱም። ሙግቱ እስኪለይ ለቅሶ ቤት እንኳ ቢገናኙ አንዱ ከአንዱ ፊት ፈቀቅ ብሎ ነው የሚበላው። በሽማግሌ ፊት ከባላጋራው እጅ የጎረሰ ሰው ታረቀ ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። እናቴ ለጌታዬ የሰጠችው ውክልና ለሙግት እንጂ ለእርቅ አይደለም፤ ስለዚህ በእሷ ስም ሊታረቅላት አይችልም። ከእኛ ወገን አንድ አፍ ያስፈልገው ነበር። እስከዚያ ቀን ያንን ሁሉ ቆሻሻ የተቀበለ የእኔ አፍ አለለት። መከፈት እንደ ለመደ ያውቃል።

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ከመሶቡ ሰብስበው ያዩኛል። ከአጎቴ ጣት መካከል ቅባቱ ይንጠባጠባል። እናቴ በሰው ጎተራ ጥግ ተቀምጣ በሐሳቤ ታየችኝ።

«ጾመኛ ነኝ» አልሁ።

«የምን ጾም?» አለ ጌታዬ እየሳቀ። «በቅዳሜ፣ በዚህ በፍስክ? ካህኑ ሳይሰማ ጾም አወጣሽብን?» እንግዶቹም ፈገግ አሉ።

«ከአጎቴ እጅ ነው የጾምሁት» አልሁ። «አንቱ አጎቴ፣ እናቴ መሬቷን እስክታገኝ ጾሜ አይፈታም።»

አጎቴ እጁን ወደ መሶቡ መለሰ። በዚያ ቢበቃ ጥሩ ነበር። ጌታዬ ግን ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ተነሣ። ያንኑ ጉርሻ አጎቴ ካስቀመጠበት አንሥቶ መጣና «ካሳደገሽ ጌታ እጅስ?» አለኝ። በግራ እጁ አገጬን ያዘኝ። ያችን ጥፍር ጉንጬ ላይ አውቃታለሁ። ትንፋሹ ጠላና ያደረ ሥጋ ይሸታል። ጥርሴን ነከስሁ። ጉርሻው ከንፈሬ ላይ ፈረሰ፤ ወጡ በአገጬ ወርዶ በአንገቴ፣ በቀሚሴ ውስጥ ገባ። እሱ ግን እየገፋ ነበር፤ በፍቅር እንደሚያጎርስ ሰው «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ከእስቴ ወገን ናቸው የተባሉ አንድ ቀጭን ሰው፣ ውኃ ጠየቁ። እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «ተዋት» አሉት። «ልጅቱ እንቢ ብላለች፤ እኛም አይተናል።»

ሌሎቹም ተራ በተራ ለመታጠብ እጃቸውን ዘረጉ። ምሳው በዚያው ተፈታ። ጌታዬ አገጬን ለቀቀና እጁን የሚጠርግበት ፈለገ፤ ያ ብልህ ጸሐፊ አሮጌ ጋቢውን ይዞ ወደ ጓሮ ሸሽቶ ኖሮ በገዛ ጋቢው ጠረገው።

ዕለቱን ተባረርሁ። እኔስ መች ልቀመጥ። የኔታ ነጠላዬን ይዘው እስከ አጥሩ ተከተሉኝና እናቴ ሳትውል ሳታድር ወገዳ ወርዳ ውክልናዋን ታንሣ፣ በገዛ አፏ ትሟገት አሉኝ። «አንቱም ይውጡ እንጂ፣ የኔታ» አልኋቸው። ወዴት፣ አሉኝ። ተመልሰው ገቡ፤ መንገድ ላይ ሳለሁ በእሳቸውም ተናደድሁ፤ ትንሽ እንደሄድሁ ደግሞ ስለ መናደዴ አዘንሁ።

እናቴ ቀሚሴን ስታይ የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። ብዙ ጊዜ መርቃው ነበርና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያንኑ ሳምንት ችሎት ቆመች። በሕይወቷ በወንድ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት፣ የአባቷን አባትና ከዚያም በላይ ያለውን መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ስትቆጥር ሰው ሁሉ ሰማት። አጎቴ ታርቀናል፣ በልተናል አለ። የወገዳው ዳኛ ሽማግሌዎቹን አስጠሩ፤ እኚያ ቀጭን ሰው እንደዚያች ቅዳሜ ባጭሩ መሰከሩ፤ ሌሎቹም እውነት ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እርቁ ውድቅ ሆነ፤ ነገሩም ወደ መሬቱ ተመለሰ።

ሙሉውን አገኘች ብል ውሸት ነው። ከክረምት በፊት በሽማግሌ ተከፈለ። አጎቴ ላይኛውን፣ ጥቁር አፈር ያለውን አስቀረ፤ ለእናቴ ታችኛው፣ ድንጋይ የበዛበት ደረሳት። ጌታዬስ? በአርብ ገበያ «ያን የስማዳ መሬት እኔ ነኝ ያስፈረድሁላት» እያለ ሲያወራ ሰሙት፤ በዚህ ወሬ አዲስ ባለጉዳይ ሳያገኝበት አልቀረም። ማጀቱንም ሌላ ሴት ገባችበት አሉ። ማን እንደሆነች፣ የማን መሬት ይዟት እንደገባች ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

እናቴ ግን በታችኛው መሬት ላይ ጎጆዋን ሠራች። ባቄላ ልንዘራ ድንጋይ ስንለቅም አጎቴ ከላይ በሬዎቹን እየነዳ መጣ። በመካከላችን ያለው ድንበር አንድ ተራ ድንጋይ ብቻ ነው። ቆመና «እንዴት አደራችሁ» አለ።

እናቴ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው። ወንድሟ ነው፤ ጎረቤቷም ሆኗል፤ ነገ በሬው ቢስት ወደ እሷ ባቄላ ነው የሚገባው።

እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ድንጋዬን ለቀምሁ።